በደህና ሁኔታ ላይ የሚገኝ ሬዲዮ

ያ ሬዲዮ ተጠብቆ መቀመጥ ይገባው ነበር ወይ? ይኸው ስንት ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ወንድሜ ጠይቆኛል፣ እየሳቀ። የሥራ ባልደረቦቼ ጠይቀውኛል፣ ከልባቸው። ሬዲዮው አሁን ያለው አንድ መሥሪያ ቤት መግቢያ ኮሪደር ላይ፣ በመስታወት ተከልሎ ነው። ከሥሩ አንዲት ካርድ ተለጥፋለች። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው የመጻሕፍት መለያ ስጽፍ ስለሆነ የሌላ ሰው ካርድ ሳይ ዓይኔ ዝም ብሎ አያልፍም። ካርዷ የአባቴን ሙያ ትጠቅሳለች፤ ሬዲዮው ካዛንቺስ ውስጥ ለረጅም ዘመን ማገልገሉን ትናገራለች፤ መጨረሻ ላይ «ሙሉ አካሉ በደህና ሁኔታ ላይ ይገኛል» ትላለች። አንድ ቀን እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ልጇን ወደ መስታወቱ አስጠግታ «አየህ፣ የዱሮ ሰው ዕቃ መያዝ ይችልበት ነበር» ስትለው ሰማሁ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጣሁ።

አባቴ ሬዲዮውን «ታሪክ» ይለው ነበር። ወንድሜ «ቁምሳጥን» ይለዋል። እናቴ ደግሞ «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። ከሦስቱ አንዱንም ስህተት ነው ማለት አልችልም።

የኖርነው ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆነን «ይማርሽ» የምንልበት ቤት። የፊተኛውን ክፍል እኛና ሬዲዮው ተካፍለነው ነበር ማለት ይቻላል፤ ደህናውን ማዕዘን የያዘው እሱ ነው። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ፊቱ ላይ እንደ ጆንያ ያለ ጨርቅ ተወጥሮበታል፤ ከጨርቁ በታች የዓለም ከተሞች ስም የተጻፈበት ረጅም መስታወት አለ። ማዞሪያው ሲዞር ቀይ መርፌ ከመስታወቱ ኋላ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል። ሲያበሩት ወዲያው አይናገርም። ውስጡ ያሉት አምፑሎች እስኪግሉ ዝም ይላል፤ ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ሰው የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበር። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ይህን ሬዲዮ ሞቶ አገኘው፤ አሸክሞ አመጣው፤ በእጁ አስነሣው። በዚህ የሚኮራውን ያህል በልጆቹ ሲኮራ አላየሁትም።

«በዚች ሬዲዮ ነው ሰፈሩ የመንግሥቱን መለወጥ የሰማው» ይላል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

«ሰፈሩ የሰማው በታንኩ ነው» ትላለች እናቴ ከጓዳ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። እዚህ ቤት እኔን የሚጠይቅ መች ተፈጠረና።»

እንግዳው ሻዩን እያማሰለ ወደ ጣሪያው ያያል።

ሬዲዮውን ከአባቴ በቀር የሚነካ ሰው አልነበረም። እናቴ የተፈቀደላት አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው። አንዴ ስትጠርግ ማዞሪያውን ነካችውና መርፌው ከቦታው ፈቀቅ አለ። አባቴ አልተቆጣም። በማግሥቱ ሚስማር አምጥቶ መስታወቱ ላይ፣ መርፌው መቆም ያለበት ቦታ፣ አንዲት ጭረት አወጣ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ መርፌውና ጭረቱ መግጠማቸውን ያያል፤ እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። ከገጠመ «ጎሽ» ይላታል። አባቴ በሚስቱ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም፤ ይህንንም ራሱ ለእንግዳ ይናገረው ነበር። ለኔ ግን ያ ማጎንበስ ከጥፊ ይብስብኝ ነበር። ጥፊ ቢያንስ በየቀኑ አይሆንም።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት አድጌ ነው። የእናቴ እህት ልጅ አልወለደችም፤ ገና ጡት እንደተውኩ ወስዳ ክፍለ አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አሳደገችኝ። እዚያ ሱቋን እጠብቅላት ነበር እንጂ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ካዛንቺስ ስመጣ አንደኛ ክፍል ገባሁ፣ ወገቤን ከሚያክሉ ሕፃናት ጋር። የክፍል ልጆች «እትዬ» ይሉኛል። አንዱ መምህር በር ላይ አግኝቶኝ «ልጅ ልታስመዘግቢ ነው?» ብሎኛል። ቤት ስገባ አባቴ ለእንግዳው «ይቺ ፊደል ስትጨርስ የኔ ተዝካር ይወጣል» ይላል፤ እንግዳው ይስቃል፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ጓዳ ውስጥ እናቴ ሽንኩርት ከመክተፍ ቀና ሳትል «ቶሎ ጨርሺና ተዝካሩን አብረን እንብላ» ትለኛለች። እኛ ቤት መጽናናት እንዲህ ነበር።

የመጣሁ ዓመት፣ ለአዲስ ዓመት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከአክስቴ አገር የመጣ አንድ ሰው መልእክት አደረሰን። በዚያን ጊዜ በበዓል ጠዋት ከየክፍለ አገሩ የሚላክ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት በሬዲዮ ይነበብ ነበር፤ ከእገሊት ለእገሊት እየተባለ። አክስቴ ልካለች።

«ለእህቴና ለልጄ ነው ያለችው» አለ ሰውየው እኔን እያየ።

እናቴ «ለልጄ» የሚለውን ሰምታ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። እህቷ ከእሷ ወስዳ ያሳደገቻትን ልጅ የኔ ማለቷ ደስ ይበላት፣ ይክፋት፣ አላወቅኩም። ብቻ በበዓሉ ጠዋት ጸጉሯን ታጥባ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በርጩማዋን ሬዲዮው ፊት አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። አባቴ የውጭ አገር ጣቢያ ከፍቶ የእንግሊዝኛ ዜና እያዳመጠ ነበር።

«ዛሬን ብቻ» አለችው። «ትንሽ ነው። ስሜን እኮ ነው የሚጠሩት።»

«ስምሽ ጠፍቶሽ ነው?»

«እህቴ ስትጠራኝ ልስማት።»

«መርፌዋን ካነሣኋት መልሼ አላገኛትም። ይህን ጣቢያ ለመያዝ ስንት እንደለፋሁ ታውቂያለሽ? ዜናው ይለቅና አዞርልሻለሁ።»

«ጭረት አውጥተህበት የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ነበር ያወጣኸው?»

አባቴ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። ያ ጣት ሲነሣ ሰው አይተነፍስም።

ዜናው አለቀ፤ ሐተታ ተከተለ። በግድግዳው ወዲያ የጎረቤታችን ሬዲዮ ይሰማል፤ ስም እየተጠራ እንደሆነ ከአነባበቡ ያስታውቃል፤ ቃሉ ግን አይለይም፤ የኛው ይውጠዋል። እናቴ አንድ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው፣ ዓይኗን ወደ አባቴ አድርጋ ጠበቀች። ወደ ጎረቤት ያልሄደችው «አዞርልሻለሁ» ስላላት ነው። አመነችው። ከዚያ ግድግዳው በጡጫ ተደበደበ፤ ጎረቤታችን «ጠሩሽ! ስምሽን ጠሩሽ! እልልልል!» አለች። እናቴ ተነሥታ በባዶ እግሯ ሮጠች። ስትደርስ ሌላ ሰው እየተጠራ ነበር።

ያን ቀን እንኳን አደረሰሽ ሊላት የመጣ ሁሉ «ሰማንሽ እኮ! እንዴት ደስ ይላል!» ይላታል። «አዎ፣ እኔም ሰማሁት» ትላለች፣ ጠላውን እየቀዳች። ሁሉም ሰምቶላት ነበር። ማታ ቀሚሷን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች። አክስቴ ቀጣዩን በዓል አላየችም። እናቴ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አላነሣችም፤ ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት አላነሣችም። እኔ ረስታዋለች ብዬ ነበር።

ዓመታቱ ሄዱ። እኔ በማታ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ያዝኩ። ወንድሜ ደምበል ሞባይል መሸጥ ጀመረና ቤት በመጣ ቁጥር ስልኩን ሬዲዮው ፊት ያወዛውዛል።

«አባዬ፣ ያንተ ሬዲዮ ሙሉ በሙሉ እዚች ውስጥ ገብታለች። ዜና በለው፣ ሙዚቃ በለው፣ ፎቶ ሳይቀር።»

«ጭንቅላትህም ጭምር ገብቷል መሰለኝ። ለዚህ ነው የቀለለችው።»

«በቃ ሽጣትና ገላግለን።»

«አንተን ቀድሜ ብሸጥ ይሻለኛል፤ ጠያቂ ከተገኘ።»

ሁለቱ ይሳሳቃሉ። እናቴ አትስቅም። እግሯ ማበጥ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው፤ ልብሽ ነው አሏት። የአባቴ ዓይን ደግሞ እየደፈረሰ ሄዶ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኛ። ወንድሜ እሱን ሊያስታምም ሄደ፤ እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ።

አባቴ በተኛ ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ አሮጌ ዕቃ በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጠው ሰው «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በበራችን አለፈ።

«ጥሪው» አለችኝ እናቴ።

አሮጌ ልብስ ልትሰጥ መስሎኝ ጠራሁት። ሰውየው ሳፋውን፣ ባልዲውን፣ ጆጉን በገመድ አንጠልጥሎ ገባ። እናቴ በጣቷ ሬዲዮውን አሳየችው።

«እማማ፣ ሙሉውን ነው?»

«ሆድ ዕቃውን ብቻ። ቆዳው ይቅር።»

«ባለቤቱስ?»

«ዓይኑን ሊያስጠርግ ሄዷል።»

«እማዬ!» አልኩ።

«ዝም በይ። ወይ ውጪ፣ ወይ ዝም ብለሽ እይ።»

አልወጣሁም። ካቻቢቴውን ባበጠ እግሯ ራሷ ሄዳ አመጣችው። ሰውየው የጀርባውን ክዳን ፈታ፤ ማዞሪያዎቹን ነቀለ፤ ብረቱን ከነሽቦው፣ ከነአምፑሉ ስቦ አወጣው። መዳቡን ሲያይ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ አምፑሎቹን ግን አልፈለጋቸውም። እናቴ አንድ በአንድ ተቀብላ፣ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ቁጭ ብላ በዘነዘና ወቀጠቻቸው። በርበሬ ስትወቅጥ እንደምታደርገው ትንፋሿን እየቆጠበች፣ ሳትቸኩል። ሰውየው ለዚያ ሁሉ የሰጣት አንድ ሰማያዊ ሳፋ ነው። ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ድምፅ አለው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል። ማዞሪያዎቹን በየቦታቸው በማስቲሽ አጣበቀች። መርፌው ከብረቱ ጋር ወጥቶ ነበርና አንድ ረጅም የስፌት መርፌ ላይ ቀይ ክር ጠምጥማ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ልክ ጭረቱ ላይ ለጠፈችው። ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ሳጥኑን በአንድ ጎኑ ከፍ አድርጋ «ቀለለ» አለች። ወደ ጓዳ ገብታ የከሰል ካውያዋን ይዛ መጣች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የአባቴን ሸሚዝ የተኮሰችበትን፣ ወንድሜ የኤሌክትሪኩን ከገዛላት በኋላ እንኳ ያልተወችውን። በቀደደችው ሹራብ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችውና ክዳኑን አሰረች።

«ለምን ትደክሚያለሽ?» አልኳት። «ሲያበራው ይታወቅ የለም እንዴ?»

«እኔስ የምፈልገው ሲያበራው እንዲታወቅ አይደል? ከዚያ በፊት አይሆንም። እዚች በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። እስኪግል ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቃለሁ። ፊቱን አያለሁ። ከዚያ ለምን ሲለኝ፣ ዜናው ይለቅና እነግርሃለሁ እለዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው አለመርሳቷን ያወቅኩት። ያን ቀን ስትስቅ ዋለች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ምሳዋን ሙሉ በሙሉ በላች።

ፊቱን ግን አላየችውም። አባቴ ዓይኑ በፋሻ እንደታሰረ፣ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ እናቴ ሞተች። ወንድሜ በእጁ እየመራ ወደ ድንኳኑ አስገባው። ፋሻው ሲፈታም ዓይኑ አልተመለሰም፤ ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ቀረለት።

በኛ ሰፈር ሐዘን የገባበት ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ሴቶቹ ገና አስከሬኑ ሳይወጣ ጥቁር ጨርቅ አምጥተው ሬዲዮውን አለበሱት። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን ከአርባው በኋላ ጨርቁ ይነሣል። አባቴ ግን «እስከ ሙት ዓመቷ ማንም አይነካትም» አለ። ሽማግሌዎቹ «አርባው ይበቃል፤ ለአንተም መዝናኛህ ነው፤ ዓይንህም ደክሟል» ብለው ለመኑት፤ እምቢ አለ። በሕይወት ሳለች ጥቂት ደቂቃ የከለከላት ሰውዬ፣ ከሞተች በኋላ ዓመት ሙሉ ዝም አለላት። ሰፈሩ ተነካ። «እንዴት ቢወዳት ነው!» ይሉ ነበር የለቅሶ ሴቶች፣ ለባሎቻቸው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እኔ ጥቁር የለበሰውን ሳጥን አይና፣ እናቴ ይህን ብታይ በሳቅ ነበር የምትሞተው እላለሁ በልቤ።

ማታ ማታ የአባቴን እግር በዚያ ሰማያዊ ሳፋ አጥባለሁ። አንድ ጊዜ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ ሳፋ አዲስ ነው?»

«እማዬ ያመጣችው ነው።»

«ዕቃ መምረጥ ታውቅበት ነበር» አለ፤ እንባው መጣ።

ለምን አልነገርኩትም? ነገሩ የእናቴ ነበር። ተናጋሪዋ እሷ እንድትሆን አስባ ነው ያዘጋጀችው፤ ቃሉን ሳይቀር መርጣ ነበር። የሌላ ሰው ያላለቀ ሥራ ላይ እጅ ማስገባት አልወድም።

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ለኛ ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ደረሰን። ወንድሜ ወዲያው «ያንን ቁምሳጥን ደረጃ ለደረጃ የሚሸከም ጀርባ የለኝም፤ ከአሁኑ ተነጋገሩ» አለ። አባቴ አንድ መሥሪያ ቤት የዱሮ የመገናኛ ዕቃዎችን ለእይታ እንደሚሰበስብ ከጡረተኛ ጓደኞቹ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቤቱ ይፈርሳል፤ ዓይኑ ጠፍቷል፤ የተማሩ ልጆች የተበላሸ ሬዲዮ አይጠግኑም፣ ይጥላሉ። እሱ መኖሩን የምትመሰክር ሬዲዮዋ ብቻ ናት። «ሰዎቹን ጥሪያቸው» አለኝ፤ ደወልኩ።

የመጣው ከረባት ያሠረ ወጣት ባለሙያ ነው። አባቴ ጨርቁን ከፊት በኩል ብቻ ገለጥ እንዲያደርግ ፈቀደለት። ወጣቱ በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«ዋው! መርፌዋ ራሷ ቦታዋ ላይ ናት!» ብሎ የእናቴን የስፌት መርፌ ደጋግሞ አነሣት። «አይሠራም አይደል፣ አባባ?»

«ሐዘን ላይ ስለሆነች ነው።»

«ማለቴ፣ ቢሠራም ባይሠራም ፕሮብሌም የለውም። ውስጡ አያስፈልገንም። ሰው የሚያየው ውጪውን ነው፤ ሳጥኑ ኦሪጅናል ከሆነ በቃ።»

አባቴ ፊቱን ድምፁ ወደመጣበት አዞረ።

«ሳጥኗን የሠራው አናጢ ነው» አለ። «እኔ የሠራሁት ውስጧን ነው። አናጢውን ከፈለጋችሁ እሱን ፈልጉት። እኔን ከፈለጋችሁ ሰምታችኋት ነው የምትወስዷት።»

ወጣቱ «እሺ፣ እሺ አባባ፣ እንዳሉ» አለ፤ ሽማግሌ ላለማስቀየም። ተቀጣጠሩ፤ ሙት ዓመቷ በወጣ ማግሥት። አባቴ የዱሮ የሥራ ጓደኞቹን ጠራ፤ የሰፈሩን ሰዎች ጠራ። በሰዎቹ ፊት ጨርቁን ራሱ ያነሣል፤ ያበራታል፤ ትግላለች፤ ትናገራለች። ከዚያ ይወስዷታል። ይህንን ለሰላምታ ለገባ ሁሉ ይተርካል፤ በተረከው ቁጥር ሬዲዮዋ የምትናገረው እየጠራ ይሄዳል።

«ካልበራች ስልኬን ከጀርባዋ ደብቄ ዜና አሰማለሁ፤ አታስቢ» አለኝ ወንድሜ ለቀልድ። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ አስቤበት ነበር።

የከበደኝ ሌላ ነው። እናቴ ማየት የፈለገችው አንድ ፊት ነው፤ በአንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ለብቻዋ። አደባባይ አልጠራችም። የሥራ ጓደኞቹ ከንፈራቸውን ሲመጡለት፣ የከረባቱ ልጅ ስልኩን ሲደቅንበት፣ ወንድሜ ሲስቅ፣ ይህ ሁሉ በእሷ ሥራ ላይ ሌላ ሰው የሚጨምረው ነው። ጭማሪ አልፈለገችም ነበር። ልኩን አውቄዋለሁና ከልኩ እንዳያልፍ ፈለግሁ።

ሙት ዓመቷ የወጣ ቀን፣ እድርተኞቹ ከተበተኑ በኋላ፣ አባቴ ጠራኝ። ገና ፀሐይ ነበር።

«ጨርቁን አንሺላት» አለኝ። «ጀርባዋን ክፈቺና አቧራዋን አራግፊ። ለነገ ንጹሕ ትሁን። እንግዲህ ያለኝ ዓይን ያንቺው ነው።»

እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሬዲዮውን እንድነካ ሲፈቅድልኝ የመጀመሪያው ነው። ካቻቢቴውን አመጣሁ፤ ብሎኖቹን ፈታሁ፤ ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

«ምን ይታይሻል?»

ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ።

«አምፑሎቹ ደህና ናቸው? ጥቁር ነገር ይታይባቸዋል?»

«አምፑል የለም፣ አባባ።»

«እንዴት የለም? ከትልቁ ብረት ጀርባ እዪ።»

«ብረትም የለም። እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ እማዬ ለልዋጭ ሰጥታዋለች።»

ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋና እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ። ግራውን ዳሰሰ፤ ቀኙን ዳሰሰ፤ ጣሪያውን ዳሰሰ። ቀስ ብሎ ነው፤ ሰው ጨለማ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው። ከዚያ ሹራቡን አገኘው። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈታው፤ ጣቶቹ በካውያው እጀታ ላይ ሄደው መክደኛው ላይ ያለችውን የብረት ዶሮ ነኩ።

«ይሄ የሷ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ለምን አስገባችው?»

«ክብደቱ እንዳይጎድል።»

ፊቱን አየሁት። እናቴ ብታየው ይበቃት እንደሆነ አላውቅም፤ ለኔ ግን በዛብኝ። ቢሆንም አላቆምኩም፤ የጀመርኩትን በቅደም ተከተል ነገርኩት፤ ካቻቢቴውን ራሷ ማምጣቷን፣ ዘነዘናውን፣ ማስቲሹን፣ የስፌት መርፌዋን። ሳፋው ላይ ስደርስ ሁለት እግሮቹን ቀስ አድርጎ ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰባቸው።

«ለሰዎቹ ደውዪላቸው» አለኝ በኋላ። «ማብራቱ ቀርቷል በያቸው። የጠራኋቸውንም እንዳይመጡ ንገሪያቸው። ሳጥኑን ነው የሚፈልጉት፤ ሳጥኑን ይውሰዱ።»

«ካውያውስ?»

«መልሰሽ አስገቢው። ባዶውን ካነሡት ይስቃሉ።»

ካውያውን በሹራቡ ጠቅልዬ ቦታው መለስኩት። ክዳኑን ገጥሜ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ። የመጨረሻውን ሳስር ከኋላዬ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው በለሰለሰ ድምፅ፣ ጠየቀኝ።

«ግን ምን በድያት ነው?»

ያን ጊዜ ነገርኩት። የአክስቴን መልእክት፣ ነጩን ቀሚስ፣ በርጩማውን፣ ጣቱን፣ ከግድግዳው ወዲያ የተሰማውን እልልታ፣ በባዶ እግሯ መሮጧን፣ ቀኑን ሙሉ «እኔም ሰማሁት» እያለች መዋሏን።

«የትኛው በዓል ነው?» አለ።

«እኔ የመጣሁ ዓመት። አዲስ ዓመት፣ ጠዋት።»

አንገቱን ደፍቶ አሰበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጎረቤት ልጆች ወንበርና አልጋ ሲያወጡ ነበር፤ እነሱ በማግሥቱ ሊለቁ ነበር።

«አዎ፣ አስታወስኩት» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ጠዋት እኮ የረባ ዜና እንኳ አልነበረም።»